ሃያ ሰባተኛው መርፌ

"ዛሬ አልወጋም።"

ልብስ ሰፊዋ የተሞላውን መርፌ ወደ ላይ ቀጥ አድርጋ ይዛ፣ አረፋው እንዲወጣ በጣቷ ጠቅ ጠቅ ታደርገው ነበር። ታናሽ እህቷ የመለኪያ ክፍሉን መጋረጃ ገልጣ ገብታለች። ግን እንደ ወትሮው ሸሚዟን ከፍ በማድረግ ፈንታ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች።

"ደግሞ ምን ሆንሽ? ቶሎ በይ እንጂ፣ ደንበኛ ሳይመጣብን።"

"አልወጋም አልኩሽ እኮ እትዬ። አስቀምጪው።"

"ሃያ ስድስት ቀን ሙሉ ስትወጊ ከርመሽ ዛሬ ነው ያመመሽ?"

ታናሽየዋ ከቦርሳዋ በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አወጣችና ፈታችው። ከእርሳስ የሚያጥር ነጭ የእርግዝና መመርመሪያ ነው። መሃሉ ላይ ሁለት ቀይ መስመሮች አሉ፤ አንዱ ደማቅ፣ አንዱ ፈዘዝ ያለ። ልብስ ሰፊዋ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ አየችው። አላመነችም፤ የክር ቀለም ስትመርጥ እንደምታደርገው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ እንደገና አየችው።

"ሁለት ነው አይደል?" አለች ታናሽየዋ። "ዓይኔ እንዳይሆን ብዬ ባሌን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ አሳየሁት። ሁለት ነው አለኝ። አንቺስ?"

"ሁለት ነው" አለች ልብስ ሰፊዋ። "ሁለት ነው ሚጣዬ!"

ተቃቅፈው አለቀሱ። አልቅሰው ሲያበቁ ደግሞ ሳቁ። ልብስ ሰፊዋ የመርፌውን ክዳን መልሳ የክር ጥቅሎች በምታስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ከተተችው። ብልቃጡን የት እንዳደረገችው ግን ልብ አላለችም።

ሚጣ የተባለችው ስትወለድ በአንድ መዳፍ ላይ የምትያዝ ሚጢጢ ስለነበረች ነው። አድጋ ስትሰፋ ስሙ አብሯት አልሰፋም። አሁን ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ናት፤ እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት ይህችው ልብስ ሰፊ እህቷ ናት። ከኤሌክትሪክ ሠራተኛ ባሏ ጋር ትዳር ከመሠረቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየወሩ ተስፋ፣ በየወሩ ለቅሶ። አምና አንድ ሐኪም፣ ብዕሩን እየከደነ፣ "ትንሽ ክብደት ብትቀንሺ ሊረዳሽ ይችላል" አላት። ሰውየው ያንን ሲናገር ምናልባት ምሳውን እያሰበ ነበር። እሷ ግን ቃሉን ይዛ ቤቷ ገባች፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አልሰማም አለች።

መርፌውን ያመጣችው አንዲት የሱቁ ደንበኛ ናት። ልብስ ሰፊዋ በሆዷ "ቀጭኗ" ትላታለች። ቀጭኗ ድሮ ቀጭን አልነበረችም፤ በዚህ መርፌ ነው የቀጠንኩት ትላለች። ባለፈው ዓመት በሁለት ወር ውስጥ ሰባት ቀሚስና ጉርድ አምጥታ አስጠብባለች። ሰው በወሬ ቢነግራት ልብስ ሰፊዋ አታምንም ነበር፤ ግን ስፌቱን የፈታችው ራሷ፣ ትርፉን በመቀሷ የቆረጠችው ራሷ ነበረች። እና ሚጣ መርፌ ልጀምር ብላ ስታማክራት፣ "በእጄ ለክቼ ያየሁትን እንዴት እክዳለሁ?" አለቻት። ቀጭኗ አርባ ብልቃጥ የሆርሞን መድኃኒትና አንድ ገጽ ወረቀት ሰጠቻቸው። ወረቀቱ በቀን አምስት መቶ ካሎሪ ብቻ ይላል፤ ጠዋት ስኳር የሌለው ሻይ፣ ምሳ መቶ ግራም የዶሮ ሥጋ ከአንድ እፍኝ ጎመን ጋር፣ ማታ ያው፣ በመሃል አንድ ፖም። ሆርሞኑ ስቡን እያቀለጠ ስለሚመግብሽ ረሃብ አይሰማሽም ይላል።

"ማን ይወጋኛል ታዲያ?" አለች ሚጣ ያኔ።

"እኔ ምን ልሠራ ነው ያለሁት? ሠላሳ ዓመት መርፌ ይዤ!"

እንዲህ ተጀመረ። ባሏ እንዳያይ ብልቃጦቹ ከሱቁ ጀርባ ባለው የልብስ ሰፊዋ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከእንቁላሉ ኋላ ተቀመጡ። እሱ የሚያውቀው ሚስቱ ምግብ እንደቀነሰች ብቻ ነው። ልብስ ሰፊዋ በየጠዋቱ ትወጋታለች፤ በየቅዳሜው ወገቧን ለክታ በደንበኞች መዝገብ ውስጥ ትጽፋለች። እጇ ቀላል ስለሆነ ሚጣ አንድ ቀን እንኳን "እህ" ብላ አታውቅም።

ያልተጻፉ ነገሮችም ነበሩ። በሦስተኛው ቅዳሜ ወገቡ ንቅንቅ አላለም ነበር። ሚጣ ዓይን ዓይኗን ስታያት ልብስ ሰፊዋ አንጀቷ አልችል አለ፤ ሜትሩን ሳብ አድርጋ ሁለት ሴንቲ አስጠፋችና ጻፈች። "ትንሽ ቀንሰሽ ጻፊልኝ" የሚሏትን ደንበኞች ስትቆጣ የኖረች ሴት! ከሸሚዙ ትከሻ ላይ የምትለቅመው የሚጣ ፀጉርም በየቀኑ እየበዛ ነበር። በሙቀት ቀን እጇ ይቀዘቅዛል። አንድ ጠዋት ደግሞ "ልቤ ዝልል ይላል" ስትላት፣ "ከደስታ ነው" ብላ አለፈችው። ባለፈው ሳምንት የመጣውስ ጉርድ? ቀጭኗ በሠራተኛዋ እጅ ልካ፣ የአክስቴ ልጅ ጉርድ ነው፣ ሰፋ ይደረግልኝ ብላለች። ልብስ ሰፊዋ ገልብጣ ስታየው ስፌቱ የራሷ ነው፤ አምና ለቀጭኗ ያጠበበችው። ለሚጣ ሳትነግር አሰፋችና ላከችው።

አሁን ግን ይህ ሁሉ ከሐሳቧ ጠፍቷል። ሚጣ ለትምህርት ቤቷ ደውላ አስፈቀደች። ልብስ ሰፊዋ በሥራ ቀን ዘግታው የማታውቀውን ሱቅ ቆልፋ፣ የሥራ ሽርጧን እንኳን ሳታወልቅ አብራት ወደ ክሊኒክ ወጣች።

"ከሦስት ቀን ወዲህ ያቅለሸልሸኛል" አለች ሚጣ በመንገድ ላይ፣ ክንዷን ተደግፋ። "ደግሞ ትንሽ ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል። እንዲህ ነው አይደል ሲያረግዙ?"

"እንዲህ ነው ይላሉ" አለች አርግዛ የማታውቀው እህት። በልቧ የልጅ ልብስ እየቀደደች ነበር። ለልጅ ልብስ ትርፍ ስፌት ሰፋ አድርጎ መተው ነው፣ ቶሎ ያድጋላ።

ክሊኒኩ ውስጥ ሚጣ ደም ሰጠች፣ አልትራሳውንድ ተነሳች፣ ደረቷ ላይ ሽቦ ተለጥፎ ልቧ ተመረመረ። ሐኪሟ ቀስ ብላ የምትናገር ጠይም ሴት ናት። ወረቀቶቹን ደርድራ ብዙ አየቻቸው።

"የምትወስጂው መድኃኒት አለ?"

"የለም" አለች ሚጣ፣ ዓይኗን ሳታሽ።

"የደም ምርመራው እርግዝና አለ ይላል። ግን ቁጥሩ በጣም ትንሽ ነው፤ አልትራሳውንዱ ላይም የሚታይ ነገር የለም። እኔን ያሳሰበኝ ግን ልብሽ ነው። ምቱ ይዘላል። በደምሽ ውስጥ ያለው፣ ለልብ ምት የሚያስፈልገው ፖታሲየምም በጣም ወርዷል። ምንድን ነው የምትበዪው የኔ እህት?"

ልብስ ሰፊዋ ከሚጣ ጎን ተቀምጣ እጇን የሽርጧ ኪስ ውስጥ ከትታ ነበር፤ ጣቶቿ ቀዝቃዛ ነገር ነኩ። ጠዋት የጠፋው ብልቃጥ ነው። ቀና ስትል ሚጣ አየቻት፤ ገብቷታል። ሐኪሟ እንዳታይ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች፣ አታውጪው ማለቷ ነው። ልብስ ሰፊዋ ግን "ምቱ ይዘላል" የሚለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ብልቃጡን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ይሄ ነው። በየጠዋቱ። የምወጋት እኔ ነኝ።"

ሐኪሟ ብልቃጡን አዙራ ጥቃቅኑን ጽሑፍ አነበበች።

"ማን አዘዘላችሁ?"

"አልታዘዘም። ለመቅጠኛ ነው… አንዲት ደንበኛ ናት የሰጠችን።"

"ይሄ እኮ" አለች ሐኪሟ፣ ወንበሯን ወደ ሚጣ አስጠግታ፣ "ያረገዘች ሴት ሰውነት የሚያመነጨው ሆርሞን ነው። የእርግዝና ምርመራ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ቤትሽ የሞከርሽው መመርመሪያ ያሳየሽ፣ ደምሽ ውስጥም ያገኘነው፣ በየጠዋቱ የተወጋሽውን መድኃኒት ነው።"

ሚጣ ገና አልገባትም፤ ወይም ገብቷት አልፈለገችውም። "እና… ልጁስ?"

"የወር አበባ መቼ አየሽ?"

"አሥራ ሁለት ቀን ሆነኝ። ትንሽ ነበር።"

"በአሥራ ሁለት ቀን ይህ ምርመራ እንዲህ ሊያሳይ አይችልም። መርፌውን አቁመሽ በሳምንቱ እንደገና እናየዋለን። ግን ተስፋ አድርገሽ እንድትሄጂ አልፈልግም። ልጅ የለም የኔ እህት።"

ልብስ ሰፊዋ የእህቷን እጅ ፈለገች። ሚጣ እጇን ሰበሰበች።

"ቢሆንም መርፌው ሠርቷል" አለች፣ እንደ ተማሪዎቿ እልህ ይዟት። "ዘጠኝ ኪሎ ቀንሻለሁ። እሷ በየሳምንቱ ትለካኝ የለ? ጠይቂያት!"

"አምስት መቶ ካሎሪ እየበላሽ ውሃ ብትወጊም ትቀንሺ ነበር። ይሄ ተሞክሮ ታይቷል፤ ሆርሞኑን የተወጉትና ባዶ መርፌ የተወጉት እኩል ነው የቀነሱት። የሚያቀጥነው ረሃቡ ነው። መብላት ሲጀመር ደግሞ ይመለሳል። የቀነስሽው ስብ ብቻም አይደለም፣ ጡንቻም ነው። ልብ ደግሞ ጡንቻ ነው። ዛሬ እዚህ ብትተኚልኝ ጥሩ ነበር።"

"አልተኛም" አለች ሚጣና ተነሳች።

ሐኪሟ መድኃኒት ጻፈችላት፤ በትንሽ በትንሹ እንድትበላ፣ ነገ ጠዋት እንድትመለስ አጥብቃ ነገረቻት። ልብስ ሰፊዋን በር ላይ ክንዷን ይዛ አስቀረቻት። "እርስዎ ታላቋ ነዎት። በዚህ ከቀጠለች ልቧ ቀጥ ሊል ይችላል፤ ላስፈራራዎት ብዬ አይደለም። ቤት ውስጥ አብሯት ያለ ሰው ይወቅ፤ ምን እንደምትበላ የሚያይ ሰው ያስፈልጋታል።"

ሲመለሱ አልተደጋገፉም። ሚጣ ሁለት እርምጃ ቀድማ ትሄድ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ከኋላዋ ስታያት የሸሚዙ ትከሻ ወደ ክንዷ ወርዶ ተንጠልጥሏል፤ አንገቷ ሥር ሁለት ጅማት ቆሟል። ሃያ ስድስት ቀን ወገቧን ብቻ ስትለካ ይህንን አላየችም ነበር። ምን ዓይነት ልብስ ሰፊ ናት ይህንን የማታይ?

ሱቅ ሲገቡ ሚጣ መለኪያ ክፍሉ ውስጥ ገብታ መጋረጃውን ሳበች። መጋረጃው መሬት አይደርስም፤ ጫማዋ ከሥሩ ይታያል። ልብስ ሰፊዋ ከጓዳ ሁለት እንቁላል ቀቅላ፣ ዳቦ ጨምራ በሳህን ይዛላት ገባች።

"ትንሽ ቅመሺ። ሐኪሟ ያለችውን ሰምተሻል።"

ሚጣ ዳቦውን አንስታ በመዳፏ መዘነችው። "ይሄ ብቻውን መቶ ሃምሳ ካሎሪ ይሆናል" አለችና መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ሆዷ ባባ፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "እትዬ፣ ምን ብዬ ነው የምነግረው? ሥራ ቀርቶ ቤት እየጠበቀኝ ነው። ለእናቱም ደውሎ ነግሯታል።"

"እውነቱን ነዋ። አብረን እንነግረዋለን።"

"ወረደ እንበለው።"

"ምን?"

"አርግዤ ነበር፣ ወረደ እንበለው። ያጋጥማል እኮ፣ ስንቱ ሴት ይደርስበታል። እባክሽ እትዬ! ከዚህ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ምንም ያልያዘላት አይሉኝም። አንድ ቀን ይዞላት ነበር ይሉኛል። ይቺን ብቻ ተዪልኝ።"

ልብስ ሰፊዋ ሐኪሟ በር ላይ ያለቻትን አልረሳችም። ግን ይህች ልጅ ከልጅነቷ ጀምሮ "እባክሽ እትዬ" ብላ ለምናት እምቢ ብላት አታውቅም። እጇ እንደሆነ ከመጀመሪያው ጥፋተኛ ነው፤ ያንን ሆርሞን እየቀዳ የወጋው እሱ ነው። ለዚህች እህት አንዲት ውሸት ዕዳዋ መሰላት።

"እሺ" አለች። "እኔው እነግረዋለሁ። አንቺ ብቻ ብዪ።"

ስልክ አላስፈለገም። ጥቂት ቆይቶ ባልየው ራሱ መጣ። ቅንድቡ ላይ የግድግዳ ብናኝ ነጭ ሆኖ ተቀምጧል፤ ከደረት ኪሱ ብሎን መፍቻ ብቅ ብሏል።

"እትዬ! እንኳን ደስ አለን! መጠበቅ አቃተኝ። የት ናት?"

"ውስጥ ናት። ትንሽ አረፍ ብላ ነው።"

"ትረፍ፣ ትረፍ። ምን እንደሠራሁ ያውቃሉ?" ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደ ልጅ ሳቀ። "የመኝታ ቤቱን ማብሪያና ማጥፊያ ነቅዬ ከመሬት ሰባ ሴንቲ ላይ ገጠምኩት። ጎረቤቴ ምን ነካህ ብሎ ሳቀብኝ። ልጄ እጁ እንዲደርስ ነው፣ አልኩት። ጨለማ እንዳይፈራ። በዓመት ተኩሉ ይደርሳል አይደል? እርስዎ ልኬት ያውቃሉ።"

ልብስ ሰፊዋ ታውቃለች። የዓመት ተኩል ልጅ ትከሻው፣ ክንዱ፣ ቁመቱ ስንት እንደሆነ መዝገብ ሳታይ ትናገራለች። ይደርሳል፣ በደንብ ይደርሳል።

"ተቀመጥ ወንድሜ" አለችው።

"ምነው?"

"ወርዷል።"

ሰውየው የደንበኞች በርጩማ ላይ ቁጭ አለ። ብሎን መፍቻውን ከኪሱ አወጣ፣ አየው፣ መልሶ ከተተው። በእጁ ጀርባ ዓይኑን ሲጠርግ ብናኙ ከእንባው ጋር ጉንጩ ላይ ጭቃ ሆነ።

"እሷስ? እሷ ደህና ናት?"

"ደህና ናት" አለች ልብስ ሰፊዋ። ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ይልቅ ቀለላት፤ ያም አስደነገጣት።

"ዋናው እሱ ነው። ዋናው የእሷ ጤና ነው።" ተነፈሰ። ከዚያ ቀስ እያለ ፊቱ መለወጥ ጀመረ፤ አንድ ነገር እየበራለት ነበር። "ግን እትዬ… መያዙ ራሱ እኮ! ዘጠኝ ዓመት ያልያዘው ያዘ ማለት ነው። ምን ተለወጠ? መቅጠኗ ነዋ! እኔ ጅሉ ደግሞ በየማታው ብዪ፣ ብዪ እያልኩ ስጨቀጭቃት! ከእንግዲህ አፌን አልከፍትም። እኔም አብሬያት እራት እተዋለሁ። የጀመረችውን ትቀጥል። አንዴ ከያዘ ደግሞ ይይዛል።"

ከመጋረጃው ጀርባ የሚጣ ድምፅ መጣ። ቀጭን፣ ግን ከጠዋቱ ያልተለየ ተስፋ ያለበት ድምፅ ነው።

"ማብሪያውን አታንሳው። እዚያው ይሁን።"

"አላነሳውም የኔ ፍቅር" አለ ባልየው፣ እያለቀሰ ፈገግ ብሎ። "ምን በወጣኝ አነሳዋለሁ!"

ልብስ ሰፊዋ ወደ መጋረጃው አየች። ከሥሩ የሚጣ እጅ ወጣ፤ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀምጦ ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ገፋው። እንቁላሎቹም ዳቦውም እንዳሉ ናቸው።

ውሸቱን ለእህቷ የሰጠችው ማጽናኛ እንዲሆናት ነበር። እህቷ ግን አምናዋለች፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላው አምናዋለች። ነገ ጠዋት ደግሞ ሸሚዟን ከፍ አድርጋ መጥታ "እባክሽ እትዬ" ትላለች። እሷ እምቢ ብትል ቀጭኗ አለች፤ ሌላ እጅ አይጠፋም።

ልብስ ሰፊዋ ተነሳች። ወደ ጓዳ ገብታ ከእንቁላሉ ኋላ የነበሩትን አሥራ ሦስት ብልቃጦች ከነካርቶናቸው አመጣች። ከክር ቆርቆሮው ውስጥ ጠዋት የሞላችውን መርፌ አወጣች። ሁለቱንም ጨርቅ መቅደጃው ጠረጴዛ ላይ፣ ባልየው ፊት አስቀመጠች።

"እትዬ!" አለች ሚጣ ከውስጥ። የካርቶኑን ድምፅ ታውቀዋለች። "እትዬ፣ እባክሽ!"

"ምንድን ነው ይሄ?" አለ ባልየው።

ልብስ ሰፊዋ ሳህኑን ከመሬት አንስታ አጠገቡ አደረገችው።

"የነገርኩህ ውሸት ነው። አልወረደም፤ መጀመሪያውኑ አልነበረም። ይሄንን ሃያ ስድስት ጠዋት የወጋኋት እኔ ነኝ። ከእኔ ጀምር፣ ቁጣህን እኔ ላይ ጨርስና፣ ከዚያ ገብተህ አብላልኝ።"